ዝንብ የምትይዘው ተክል ትቆጥራለች!

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ሰው እንደ አፍ በተከፈተ ቅጠል ውስጥ ጣቱን ያስገባል፤ ቅጠሉ ጥርቅም ይላል። ኮሜንቱ በሳቅ ይሞላል። እኛም መጀመሪያ ስናየው ስቀናል።

ተክሏ ቪነስ ፍላይትራፕ ትባላለች። በተፈጥሮ የምትበቅለው አሜሪካ ውስጥ፣ ሰሜንና ደቡብ ካሮላይና በሚባሉት ግዛቶች የባህር ዳርቻ አካባቢ ብቻ ነው። መሬቱ እርጥብና አሸዋማ ነው፤ ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። የኛ ገበሬ ቢያየው «ዩሪያ ካልጨመርኩበት አያበቅልም» የሚለው ዓይነት። ለሷ ዩሪያ የሚጨምርላት ስለሌለ ናይትሮጅኑን ከጉንዳን፣ ከሸረሪትና ከዝንብ ገላ ትወስዳለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኃይል የምታገኘው ዝንብ በልታ አይደለም። ስኳሯን እንደማንኛውም አረንጓዴ ተክል በፀሐይ ብርሃን ነው የምትሠራው። ነፍሳቱ ማዳበሪያዋ ናቸው።

አያያዟ ደግሞ ይገርማል። ወጥመዱ ውስጥ ቀጫጭን ፀጉሮች አሉ። አንዱ አንዴ ቢነካ ዝም ትላለች፤ የዝናብ ጠብታ ሊሆን ይችላላ! በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ከመጣ ግን ወጥመዱ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ይዘጋል።

ነርቭ የላት፣ አእምሮ የላት፤ ታዲያ የመጀመሪያውን እንዴት ታስታውሳለች? ፀጉሩ ሲነካ የኤሌክትሪክ ምልክት ይነሳል፤ በቅጠሉ ሴሎች ውስጥ ያለው ካልሲየምም ከፍ ይልና ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሳይወርድ ሁለተኛው ንክኪ ከደረሰ ካልሲየሙ ወሰኑን ያልፋል። ያኔ ይዘጋል።

ቆጠራው አላለቀም። ወጥመዱ መጀመሪያ ላይ ጥብቅ ብሎ ስለማይዘጋ ትንንሽ ነፍሳት በጥርሶቹ መሃል ሾልከው ያመልጣሉ። ትልቁ ይቀርና ሲንፈራገጥ ፀጉሮቹን ደጋግሞ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ንክኪው አምስት አካባቢ ሲደርስ የሚፈጩት ኢንዛይሞች መመረት ይጀምራሉ። ወጥመዱ ጨጓራ ሆነ ማለት ነው። ከሳምንት ገደማ በኋላ ሲከፈት የሚቀረው ደረቅ ቅርፊት ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? መዝጋት ብዙ ጉልበት ያስወጣል። አንድ ወጥመድ ጥቂት ጊዜ ከተዘጋና ከተከፈተ በኋላ ሥራ ያቆማል። እዛ ቪዲዮ ላይ ጣቱን የከተተው ሰው ከነዚያ ጥቂት ዕድሎች አንዷን አቃጠለባት፤ ያገኘችው ነገር ደግሞ የለም።

ከጣት የባሰም አለ። ከዱር ነቅለው የሚሸጧት ሌቦች ስለበዙ፣ በሰሜን ካሮላይና ከ2014 ጀምሮ ከዱር መስረቋ ከባድ ወንጀል ሆኗል። እዛ አገር ያላችሁ ተከታታዮቻችን መግዛት ካማራችሁ በችግኝ ጣቢያ የተባዛች መሆኗን ጠይቁ። ውሃዋ የዝናብ ይሁን። አዝናችሁላት አፈሯ ላይ ማዳበሪያ እንዳትጨምሩ ብቻ፤ ድሃ አፈር የለመደው ሥሯ አይችለውም፣ ትሞትባችኋለች።