ጌሙ ለምን ይጎተታል?

ከአዲስ አበባው ለቡ ወይም ሃና ማርያም ተነስቶ ወደ ፉሪ የሚዘልቅ ሰው ጌም ቤት ለማግኘት አይቸገርም። ከሱቆቹ መሀል በሩ ላይ መጋረጃ የተጣለበት፣ ከውስጡ የኳስ ኮሜንታተር ድምፅና የልጆች ጩኸት የሚሰማበት ቤት ካለ እሱ ነው። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ይሞላል። እቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የተሠራ እንጂ ለጌም የታሰበ አይደለም። ከሁለቱም ቤት የሚሰማው ስሞታ ግን አንድ ነው፤ «ይጎተታል»። ከዚያ የተለመደው ይከተላል። ሴቲንግ ይከፈታል፣ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ «ሎው» ይወርዳል፣ ምስሉ ይበላሻል፣ መጎተቱ ግን አይለቅም።

ይህ የሚሆነው እዚያ ገጽ ላይ የተደረደሩት ምርጫዎች የሚነኩት የማሽን ክፍል የተለያየ ስለሆነ ነው። አንዱ ግራፊክሱን ያደክማል፣ ሌላው ፕሮሰሰሩን፣ ሌላው ሜሞሪውን። ምንም የማያስከፍሉም አሉ። የትኛው ምርጫ የቱን ክፍል እንደሚያስጨንቅ ያወቀ ሰው አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ጥርት ያለ ምስል ማየት ይችላል፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ማውረድ ግን በጨለማ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

ጉዳዩ የጊዜ ጉዳይ ነው። የአብዛኛው ላፕቶፕ ስክሪን በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ለእያንዳንዱ እድሳት አዲስ ፍሬም ለማድረስ ማሽኑ ያለው ጊዜ እንግዲህ አንድ ሴኮንድ ለ60 ተካፍሎ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ፕሮሰሰሩ ተጫዋቾቹ የት እንደቆሙ፣ ኳሷ ወዴት እንደምትነጥር፣ የተጫነው ቁልፍ ምን እንዳዘዘ አስልቶ የሥዕሉን ትእዛዝ ለግራፊክሱ ያቀብላል። ግራፊክሱ ደግሞ ቅርጹን ያስቀምጣል፣ ቀለሙን ይቀባል፣ ብርሃንና ጥላ ይጨምርበታል። ሁለቱ የሚሠሩት እየተቀባበሉ ስለሆነ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በሴኮንድ 30 ፍሬም የሚበቃው ሰው ጊዜው ወደ 33.3 ሚሊ ሴኮንድ ከፍ ይልለታል። ሲኒማ በ24 ምስል ብቻ ዓይናችንን ያረካዋል፤ ጌም ግን ከመታየት አልፎ የሚታዘዝ ነገር ነው። ቁልፉን ከተጫንንበት ቅጽበት ውጤቱን እስክናይ ያለው መዘግየት ከዓይናችን በፊት ለእጃችን ይታወቀዋል።

ከምርጫዎቹ ሁሉ ከባዱ ሬዞሉሽን ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ የተለመደው ስክሪን 1366 በ768 ነው፤ ሲባዛ 1,049,088 ፒክስል ይመጣል። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ደግሞ 2,073,600 ፒክስል ነው። ግራፊክሱ እነዚህን ሁሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ መቀባት አለበት። ፉል ኤችዲ ስክሪን ያለው ሰው ጌሙን ወደ 1280 በ720 ቢያወርደው የሚቀባው ፒክስል ከግማሽ በታች ይሆንለታል። ዋጋ ግን አለው። የኤልሲዲ ስክሪን ፒክስሎች ቁጥራቸውም ቦታቸውም የማይለወጥ ነው፤ ከስክሪኑ ያነሰ ምስል ሲመጣ ተለጥጦ ስለሚሞላ ጽሑፉም የሰው ፊትም ይደበዝዛል። ስለዚህ ጌሙ ውስጥ «ሬዞሉሽን ስኬል» ወይም «ሬንደር ስኬል» የሚል ካለ እሱን ማውረድ ይሻላል። ሜኑውና ጽሑፉ በስክሪኑ ልክ ጥርት ብሎ ይቆያል፤ የሚያንሰው ከኋላው ያለው ዓለም ብቻ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ያወጣው ኤፍኤስአር የሚባለው ዘዴም እንዲሁ አሳንሶ ይሥልና ጠርዙን እያሰላ ያሳድገዋል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስ አርቲኤክስ ካርድ ሲፈልግ፣ ኤፍኤስአር ግን የሌላ ድርጅት ግራፊክስ ላይም ስለሚሠራ ለእኛ አገር ማሽኖች የበለጠ ይቀርባል።

ሌላውን ከመነካካታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። የፍሬም ቁጥር የሚያሳየውን ምርጫ ከፍታችሁ ጌሙ ውስጥ ከሚጎተትበት ቦታ ላይ ቁሙና ቁጥሩን ያዙ። ሬዞሉሽኑን ወደ ትንሹ አውርዱና እዚያው ቦታ ላይ ቆማችሁ እንደገና እዩ። ቁጥሩ ብድግ ካለ ያነቀው ግራፊክሱ ነው። ንቅንቅ ካላለ ግራፊክሱ ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ የዘገየው ፕሮሰሰሩ ነውና ሬዞሉሽን ማውረድ ምስል ከማበላሸት በቀር አይጠቅምም። ያኔ የሚወርደው ሌላ ነው፤ የተመልካቹ ብዛት፣ የመኪናና የእግረኛው ብዛት፣ እስከምን ድረስ ርቆ እንደሚታይ።

ግራፊክሱ ከሆነ ያነቀው መጀመሪያ የሚነካው ጥላ ነው። በአብዛኛው ጌም ጥላ የሚሠራው ላንስ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ ትዕይንቱን መጀመሪያ ከፀሐይዋ ቦታ ሆኖ ይሥለዋል፤ ፀሐይዋ የማታየው ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከዚያ በተጫዋቹ ዓይን እንደገና ይሥለዋል። አንድን ሜዳ ሁለት ጊዜ መሣል ማለት ነው። ያ ከፀሐይ በኩል የሚሣለው ካርታ ጎንና ጎኑ 1024 ፒክስል ቢሆን ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል፤ ወደ 2048 ሲያድግ ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፣ 4,194,304። «ሃይ» ከሚለው ወደ «ሚድየም» አንድ ደረጃ መውረድ ይህን ያህል የሚያቃልለው ለዚህ ነው። ኳስ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ከእግሩ ሥር ያለችው ጥላ ጠርዟ ትንሽ ቢሻክር ምንም አይጎድልበትም።

ርቀትን ለመረዳት ፉሪ ራሱ ጥሩ ማስተማሪያ አለው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የፉሪን ተራራ ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ዛፉን አንድ በአንድ አይለይም፤ የሚያየው አረንጓዴ ጀርባ ነው። ጌሞችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ለአንድ ዛፍ ብዙ ሥሪት ይዘጋጅለታል፤ በቅርቡ ቅጠሉ የሚቆጠር፣ ራቅ ሲል ቀለል ያለ፣ በጣም ሲርቅ ጠፍጣፋ ሥዕል። ከዚያ ካለፈ ጭራሽ አይሣልም፤ ጌም ሠሪዎችም ቀዳዳውን በጭጋግ መሸፈን ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሳይለንት ሂል የሚታወቅበት ጭጋግ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ርቆ መሣል ባለመቻሉ የመጣ ነው፤ ጌሙን አስፈሪ ያደረገው ግን እሱው ሆነ። በብዙ ቤት ላፕቶፕ ላይ እስካሁን የማይጠፋው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስም «ድሮው ዲስታንስ» የሚል ተንሸራታች ምርጫ አለው። እሱን ወደ ግራ መሳብ ፕሮሰሰሩንም ግራፊክሱንም በአንድ ጊዜ ያሳርፋል፤ ያነቀው የትኛውም ቢሆን ሊሞከር የሚገባው ነው።

ልጆች ቶሎ የሚያወርዱት፣ ባይወርድ የሚሻለው ደግሞ ቴክስቸር ነው። ቴክስቸር ማለት በቅርጹ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ነው፤ የማልያው ጨርቅ፣ የግድግዳው ጡብ፣ የሣሩ ዓይነት። በዋናነት የሚፈልገው ቦታ እንጂ ስሌት አይደለም። ሜሞሪው እስከበቃው ድረስ ፍሬሙን እምብዛም አይጎትተውም፤ ሲሞላ ግን ጨዋታው በየመሀሉ ቀጥ ይላል። መለየት ቀላል ነው። መጎተቱ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ቴክስቸሩን ተዉት፤ ደህና ሲሄድ ቆይቶ አዲስ ሰፈር ሲገባ ድንገት የሚደርቅ ከሆነ አንድ ደረጃ አውርዱት።

የቢሮ ላፕቶፖች እዚህ ላይ የተለየ ችግር አለባቸው። የአብዛኞቹ ግራፊክስ የራሱ ካርድና ሜሞሪ ስለሌለው የሚበላው ከዋናው ሜሞሪ፣ ከራም ነው። ዲዲአር3 የሚባለውና 1600 ፍጥነት ያለው አንድ ራም በሴኮንድ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ይህን መንገድ ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ይሻሙበታል። በሁለቱ ማስገቢያዎች እኩል ሁለት ራም ሲሰካ መንገዱ ሁለት ይሆንና 25.6 ጊጋባይት ይደርሳል። ባለ 8 ጊጋ አንድ ራም ካለው ላፕቶፕ ይልቅ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ያለው በጌም የሚበልጠው ለዚህ ነው። የኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ ግራፊክስ ያላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች ላይማ ራሙ አንድ ብቻ ሲሆን ስሙ ራሱ ተለውጦ ዩኤችዲ ተብሎ ይታያል። ላፕቶፕ ለመቀየር ገንዘብ የሚያጠራቅም ልጅ ማስገቢያው ባዶ መሆኑን አስቀድሞ ቢያይ ብዙ ብር ይተርፈዋል።

ቪሲንክ የሚባለው ምርጫ ብዙ ይወቀሳል፣ ጥፋቱ ግን ግማሽ ነው። ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች እየታደሰ ሳለ መሀል ላይ አዲስ ፍሬም ቢደርስ ላይኛው ግማሽ የአሮጌው፣ ታችኛው የአዲሱ ይሆንና ምስሉ ተቀዶ ይታያል። ቪሲንክ ፍሬሙን እድሳቱ እስኪያልቅ ያስጠብቀዋል። ችግሩ ማሽኑ 16.7 ሚሊ ሴኮንዷን በትንሹ ሲያልፋት ነው። ቀጣዩን እድሳት መጠበቅ ስላለበት በሴኮንድ 55 መሥራት የሚችለው ማሽን ብዙ ጊዜ ወደ 30 ይወድቃል፣ ትንሽ ሲቀልለው ወደ 60 ይዘላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ዓይንን የሚያደክመው ይህ መዝለል ነው። የኔ ምክር ፍሬሙን መገደብ ነው። ማሽኑ 60ን በማያወላውል ሁኔታ ካልያዘ 30 ላይ አስሩት፤ እያንዳንዱ ፍሬም ልክ ሁለት እድሳት ስለሚቆይ እንቅስቃሴው እኩል ይፈሳል። ሳን አንድሪያስ ውስጥ ያለው «ፍሬም ሊሚተር»ም እንዲጠፋ አልመክርም። የጌሙ የእንቅስቃሴ ስሌት ከፍሬሙ ቁጥር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሲጠፋ አንዳንዱ ነገር ይዛባል፤ የጌሙ ባለታሪክ ሲጄ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው።

ፍሬም መገደብ ሙቀትንም ይቀንሳል፤ ሙቀት ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የላፕቶፑ ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ ላፕቶፕ ሠሪዎች ማሽኑ የሚሠራበት ከፍታ ጣሪያው 3,048 ሜትር ነው ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያ በታች ነን፣ ግን ሩቅ አይደለንም። የአየራችን ቅዝቃዜ ጥቂት ይክሰናል፣ የበጋው አቧራ ግን መልሶ ይወስድብናል። ፋኑ ውስጥ የገባ አቧራ እንደ ጨርቅ ተደራርቦ የአየር መውጫውን ሲደፍን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጌሙ ሲጀመር ደህና ነበር፣ ሩብ ሰዓት ያህል ከተጫወቱ በኋላ መጎተት ጀመረ። ይህን የትኛውም ሴቲንግ አያድነውም። ላፕቶፑን ከአልጋና ከትራስ ላይ አንስታችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ፋኑን ለሚያውቅ ሰው ሰጥታችሁ አስጠርጉ፣ የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት አስቀይሩ። መብራት ሲጠፋ ፍሬሙ የሚወርደው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ራሱን ይቀንሳል።

ጌም ቤት ውስጥ ፕሌይስቴሽኑ የሚሰካው ቴሌቪዥን ላይ ስለሆነ ከኮንሶሉ ይልቅ ቴሌቪዥኑ ይበልጥ ሊያዘገይ ይችላል። ቴሌቪዥን ለፊልም ተብሎ ምስሉን ያለሰልሳል፣ ቀለሙን ያደምቃል፤ ይህን ሲያደርግ ምስሉን ያቆየዋል፤ አንዳንዱ ላይ መዘግየቱ ከ100 ሚሊ ሴኮንድ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ስድስት ፍሬም ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ላይ በረኛው «አልታዘዘኝም» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። በሪሞቱ የምስል ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ጌም ሞድ»ን መምረጥ ብቻ ይበቃል፤ ወጪ የለውም።

ብርሃኑንም በዚያው ማስተካከል ነው። ዓይናችን በጨለማው በኩል ያለችውን ትንሽ ልዩነት ከደማቁ ይልቅ አጥርቶ ይለያል፤ ጋማ የሚባለው ምርጫ የሚያስተካክለው ይህንን የጨለማ ክፍል ነው። ጌሙ «ምልክቱ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ አስተካክል» ሲል ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ የምትጫወቱበትን ብርሃን ፈጥራችሁ አድርጉት። በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ካረፈ ጋማውን ብታነሱም ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል እንጂ አይጠራም። ስክሪኑን ማዞር ይሻላል።

የጌም ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ አዲስ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ጥረጉ፣ ጌም ሞዱን ክፈቱ፣ ለየጌሙ የሚስማማውን ሴቲንግ በወረቀት ጽፋችሁ ከስክሪኑ አጠገብ ለጥፉት። ኩኩሉን የመሰለ የሞባይል ጌም በአገራችን ልጆች ተሠርቷል፤ ተከትላችሁ ለኮምፒውተር የምትሠሩ ወጣቶችም ከየምርጫው ጎን ምን እንደሚያደርግና የትኛውን የማሽን ክፍል እንደሚያስጨንቅ በአማርኛ አንድ መስመር ጻፉበት። ፉሪ ያለው ልጅ አንብቦ ራሱ ያስተካክለዋል።