ከጓሳ ወደ ካምፓላ፦ ለግል የውጭ ጉዞ ጤናንና መድንን ማዘጋጀት

የመንዝ ሰው ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች በፊት መድንን ያውቅ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ሳር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሳሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ጊዜው ሲደርስ፣ በተለይ ድርቅ ገብቶ ከብት የሚበላው ሲያጣ፣ ይከፈታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በክፉ ቀን የሚታጨድ ሳር የሚገኘው በደህናው ቀን ከተከለለ ብቻ ነው። ድርቁ ከገባ በኋላ "እንከልል" ቢባል ምን ዋጋ አለው?

የጉዞ ጤና ዝግጅትም እንደዚያው ነው። ክትባት ከታመሙ በኋላ አይከተቡትም፤ የመድን ውልም ከወደቁ በኋላ አይፈረምም። ይህ ለሁሉም ተጓዥ የሚሠራ ቢሆንም፣ እኛ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የምንሳሳትበት አንድ የራሳችን ምክንያት አለን፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሌም ከኋላችን ያለ ይመስለናል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት መንዝ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ መምህርት አለች እንበል። ጓሳ ላይ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ታጠናለች። አሁን የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ካምፓላ የሚኖር ወንድሟን ልትጠይቅ ነው። ቲኬት ቆርጣለች፣ ሽሮና በርበሬም ተዘጋጅቷል። የቀረው ምንድን ነው?

በሥራ ሲኬድና በግል ሲኬድ

ይህችው መምህርት ለጉባኤ ብትላክ ኖሮ የተቋሟን ደብዳቤ ትይዛለች፤ ብዙ ጊዜ ጋባዡ ተቋምም ስለ መድኗ ያስባል። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም ቢሆን ሠራተኛው በሥራ ምክንያት ጉዳት ሲደርስበት የሕክምናውን ጉዳይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት ያደርገዋል። በዓመት ፈቃድ ወንድም ለመጠየቅ ሄዶ ቦዳቦዳ ላይ መውደቅ ግን በሥራ ምክንያት የደረሰ ጉዳት አይባልም።

"የጤና መድን አለኝ እኮ" የሚልም አይጠፋም። በወረዳዎች የሚሠራው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተዘረጋው ውል ከገቡ የአገር ውስጥ ጤና ተቋማት ጋር ነው። በ2002 ዓ.ም. የታወጀውን የማኅበራዊ ጤና መድን ለማስፈጸም የወጣው ደንብም ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናን ከሽፋኑ አውጥቶታል። በአጭሩ፣ የግል ጉዞ ሲሆን ሁለቱም ድንበር ላይ ይቀራሉ።

ደጋ ያሳደገው ሰው ወባን አያውቃትም

የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል። ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው ዝርያ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ እድገቱ እጅግ ይዘገያል፤ ትንኟም ተውሳኩ ሳይበስል ትሞታለች። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የምትገኘው ለዚህ ነው። በደረቅ ወራት ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ጓሳ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይርቃል።

ይሄ ታዲያ በረከትም ዕዳም ነው። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ሰው በተደጋጋሚ ሲያዝ ኖሮ ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል። በሽታው ባይቀርለትም አይጠናበትም። የደጋው ሰው ግን ይህ አቅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከወትሮው ወጥታ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ስትዛመት ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በሽታውን የማያውቅ ሰውነት ሲያገኛት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ስለዚህ መምህርታችን "ወንድሜ እዚያ አሥር ዓመት ኖሯል፣ ምንም አልሆነም" ብላ መዘናጋት የለባትም። የእሱና የእሷ ሰውነት አንድ አይደለም። እንዲያውም እሱ ራሱ አገር ቤት መጥቶ ረጅም ጊዜ ቢቆይ ያዳበረው አቅም እየቀነሰ ይሄዳል።

ለእሷ የሚያስፈልጋት መከላከያ መድኃኒት ነው። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ ለ7 ቀን ይወሰዳል። ዶክሲሳይክሊን አጀማመሩ ተመሳሳይ ነው፤ ከተመለሱ በኋላ ግን ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ሜፍሎኪን በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ሲሆን ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መጀመር አለበት። የትኛው እንደሚስማማት የሚወስነው እርግዝናን፣ የአእምሮ ጤና ታሪክንና ሌሎች የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች የሚጠይቃት ሐኪም ነው። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ አይሆንም። አጎበሩም አይረሳ።

"ቢጫ ወባ" ወባ አይደለም

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። "ቢጫ ወባ" ስንል የወባ አንድ ዓይነት ይመስላል። አይደለም። ወባ በጥገኛ ተውሳክ ይመጣል፤ ቢጫ ወባ ግን በቫይረስ። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው ሌሊት ትናከሳለች፤ የቢጫ ወባዋ ቀን ነው። አንዱን ለመከላከል የወሰዱት ለሌላው አይሆንም። "ቢጫ ወባ ተከትቤያለሁ፣ ወባ አይዘኝም" የሚል ተጓዥ ራሱን ያለ ጋሻ ሜዳ ላይ እያቆመ ነው።

በሽታው በአገራችንም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ 30,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። በቅርቡም በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ዞን ተከስቷል።

ኡጋንዳ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ሕንድ ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች፤ ካልያዘ እስከ 6 ቀን ለይታ ልታቆየው ትችላለች። ለምን 6 ቀን? ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ከ3 እስከ 6 ቀን ስለሚፈጅ ነው። "እኔ የጓሳ ሰው ነኝ፣ እኛ ጋ ትንኝም የለ" ብሎ መከራከር አይሠራም። ድንበር ላይ የሚታየው የመጡበት አገር ነው፤ የመንደርዎ ከፍታ አይደለም።

ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ሰውነት መከላከያውን ለማምረት ያን ያህል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አሮጌ ካርድ ያላችሁ አትጣሉት። ካርዱ መሰጠት ያለበት ፈቃድ ባለው ማዕከል፣ ከነማኅተሙ ነው። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለቀነሰ፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑና እንቁላል አጥብቆ ለሚያስቆጣቸው ሰዎች መጀመሪያ ሐኪም ማማከር ግድ ነው።

መድረሻው ሲለወጥ ዝግጅቱም ይለወጣል። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ የሥራ ባልደረቦቻችን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት የማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልጋቸዋል።

የመድን ውሉን ማንበብ

ዕድር ያለው ሰው መድን አይገባውም ማለት አይቻልም። ሁሉም ጥቂት ያዋጣል፤ ችግሩ የደረሰበት ከጋራው ይወስዳል። ልዩነቱ በዕድር ሰው ያውቀናል፣ ይራራልናል። በመድን ግን የሚዳኘን የተጻፈው ውል ነው። የምንከፍለው አረቦን ይባላል፤ የምናገኘው ደግሞ ውሉ በጠቀሰው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦

የት ይሠራል? ለሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈንና በሁሉም የሼንገን አገሮች መሥራት አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን ያካትታል። በመንገዳችሁ ለንደን ወይም ኢስታንቡል ጥቂት ቀን የምትቆዩ ከሆነ ግን እነዚህ ከሼንገን ውጭ ናቸው፤ ውሉ እንደሚጨምራቸው አረጋግጡ።

የቆየ ሕመምን ይሸፍናል? ብዙ ውሎች ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት የመሳሰሉ ቀድመው የታወቁ ሕመሞችን ያስወጣሉ፤ ወይም ተጨማሪ አረቦን ይጠይቃሉ። ያለባችሁን መደበቅ ገንዘብ አያተርፍም፤ በኋላ ካሳውን ለመከልከል ምክንያት ይሆናል። እናቱን ለሕክምና ሕንድ የሚወስድ ሰውም ይወቅ፦ የጉዞ መድን ለድንገተኛ ነገር እንጂ ለታቀደ ሕክምና አይደለም።

ማጓጓዝን ይጨምራል? ክፉ አይንካንና፣ ከፍተኛ ሕክምና ወዳለበት በአምቡላንስ አውሮፕላን መወሰድ ወይም አስከሬን ወደ አገር መመለስ ከባድ ወጪ ነው። ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ የአውሮፕላኑን ግን ማን ይከፍላል? ብዙ ቤተሰብ ከዘመድ አዝማድ መዋጮ የሚለምነው እዚህ ላይ ነው።

ሆስፒታሉን ማን ይከፍለዋል? አንዳንዱ መድን ሰጪ በቀጥታ ይከፍላል፤ ሌላው "ከፍለህ ደረሰኝ አምጣ" ይላል። ሆስፒታል ከመተኛት በፊት የሚደወልበትን ቁጥር በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ያዙ፤ አንድ ቅጂ ለቤተሰብ ስጡ።

ምን፣ መቼ?

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲቀር ሐኪም ማማከር፣ ክትባቱን መጀመርና የመድን ውሎችን ማወዳደር ጥሩ ነው። ቢያንስ 2 ሳምንት ሲቀር የቢጫ ወባ ክትባቱ ማለቅ አለበት። በመጨረሻው ሳምንት የዘወትር መድኃኒታችሁን ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ አድርጉ፤ ሻንጣ ይጠፋል፣ ኢንሱሊንም ዕቃ ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችን በመሳሰሉ አገሮች ቁጥጥር ስላለባቸው ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያስጠይቃል።

ከተመለሱ በኋላ

ዝግጅቱ ቦሌ ስንደርስ አያልቅም። የወባ ምልክት ትንኟ ከነከሰች ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ ነው የሚታየው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል። ያኔ መምህርታችን ካምፓላ ሳትሆን መሐል ሜዳ ቤተሰቧ ጋ ትሆናለች። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲይዛት ቤተሰቡ "ብርድ መቷት ነው" ይላል። ጤና ባለሙያውም ከደጋ የመጣች ሕመምተኛ ሲያይ መጀመሪያ ወባን ላያስብ ይችላል። ፋልሲፓረም ግን አይጠብቅም፤ ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊለወጥ ይችላል።

ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነፍስ ያድናል፦ "ከኡጋንዳ ነው የመጣሁት፤ ደሜ ለወባ ይታይልኝ።" ሳትጠየቁ፣ ካርድ ክፍል ሳትደርሱ ጀምሮ ተናገሩት። ቤተሰባችሁም የት እንደነበራችሁ ይወቅ፤ እናንተ መናገር ቢያቅታችሁ የሚናገርላችሁ እሱ ነው።