ባለ ቅድመ ሁኔታው ገንዘብ

በ1892 መገባደጃ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤቱን መክፈት አቅቶት ነበር። ሆስፒታሉ ሥራ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ስመ ጥር ሐኪሞችም ተቀጥረዋል። ነገር ግን መሥራቹ ያወረሱት የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ትርፍ መክፈል በማቆሙ ካዝናው ደርቋል። ባለአደራዎቹ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ካልሞላ ትምህርት ቤቱ አይከፈትም ብለው ተቀመጡ። የጎደለውን 306,977 ዶላር የሞላችው የአንድ የባቡር ከበርቴ ልጅ የሆነችው ሜሪ ጋሬት ናት። ገንዘቡ ታዲያ እንዲሁ አልተሰጠም። ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድ መስፈርት ይግቡ፣ አመልካቾች ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ይኑራቸው፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ይቻሉ የሚል ቅድመ ሁኔታ ተያይዞበታል።

ይህን ዘመቻ ከጋሬት ጋር ሆነው ከመሩት ወዳጆቿ አንዷ ማርታ ኬሪ ቶማስ ነበረች፤ በጊዜው የብሪን ማር ኮሌጅ ዲን። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያልተወራረደ ሒሳብ ነበራት።

ቶማስ በ1857 ባልቲሞር ውስጥ ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ሐኪም ነበሩ፤ የጆንስ ሆፕኪንስም ባለአደራ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ልግባ ስትል አባቷ አሻፈረኝ አሉ፤ በእናቷ ድጋፍ ነው ያሸነፈቻቸው። በ1877 ከኮርኔል ተመርቃ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ስትሄድ ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት፤ ግን ክፍል ገብታ ከወንዶቹ ጋር እንዳትቀመጥ ከለከላት። የአባቷ ባለአደራነት እንኳ ወንበር አላስገኘላትም። ዓመት ታግሳ ጥላ ወጣች።

በ1879 ጀርመን ሄዳ ላይፕዚግ ሦስት ዓመት ተማረች። ትምህርቱን መስማት ይፈቀድላት ነበር፤ ዲግሪውን ግን ለሴት አንሰጥም አሏት። ጎቲንገንም እንዲሁ መለሳት። በመጨረሻ ስዊዘርላንድ ተሻግራ፣ ዙሪክ ላይ በ1882 ዶክትሬቷን በከፍተኛው ማዕረግ ተቀበለች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ያደረገችው ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ገና በመሠራት ላይ ለነበረው የሴቶች ኮሌጅ፣ ለብሪን ማር ባለአደራዎች፣ ፕሬዚዳንት አድርጉኝ ብላ ጻፈች። አባቷም ከባለአደራዎቹ አንዱ ነበሩ። ባለአደራዎቹ ከመካከላቸው ጄምስ ሮድስ የተባሉትን ሐኪም ሾሙና እሷን ዲንና የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር አደረጓት። አሥር ዓመት ጠበቀች። በ1894 ፕሬዚዳንትነቱ ሲመጣም በጠባብ የድምፅ ብልጫ ነው፤ ጋሬት፣ ቶማስ በሥልጣን ላይ እስካለች ድረስ፣ ለኮሌጁ በየዓመቱ 10,000 ዶላር እሰጣለሁ ብላ ነበርና። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። ይህን ሹመት በገንዘብ የተገዛ ነው ብለው የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። የባለጸጋ ወንዶች ስጦታ ዩኒቨርሲቲ ሲያቋቁምና ፕሬዚዳንት ሲያሾም ማንም ነውር አላለውም።

ቶማስ እስከ 1922 ኮሌጁን መራች። የመግቢያ ፈተናውን ከሃርቫርድ ጋር እኩል አከበደችው፤ ሴቶች እስከ ዶክትሬት የሚዘልቁበትን ትምህርት አጠናከረች። ለሴት የተለየ ቀለል ያለ ትምህርት ይሰጣት የሚለውን ሐሳብ ዕድሜዋን ሙሉ ታገለችው። የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤትም በ1893 በ18 ተማሪዎች ሲከፈት ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገባችው ፍሎረንስ ሳቢን በ1900 ተመርቃ፣ በ1917 የዚያው ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች። ጋሬትና ወዳጆቿ የጠየቁት ጥብቅ የመግቢያ መስፈርት ደግሞ ከጊዜ በኋላ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት መለኪያ ሆኗል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ ባለኝ።

በፊላዴልፊያ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንደኛ የምትወጣ ልጅ የብሪን ማርን ነጻ የትምህርት ዕድል ማግኘቷ የተለመደ ነበር። በ1900 ከዚያ የተመረቀችው ድንቅ ተማሪ ጄሲ ፎሴት ጥቁር ነበረች። ቶማስ ዕድሉን ነፈገቻት፤ ወደ ኮርኔል እንድትሄድም የገንዘብ እርዳታ አመቻቸችላት። ፎሴት በ1905 ከኮርኔል በማዕረግ ተመርቃ፣ በኋላ የ«ክራይሲስ» መጽሔት የሥነ ጽሑፍ አዘጋጅ ሆነች፤ ልብ ወለዶችም ጻፈች። ቶማስ አይሁዳውያን መምህራን እንዳይቀጠሩም ትቃወም ነበር። በ1916 ተማሪዎቿን ሰብስባ ስለ ነጭ ዘር የበላይነት ተናግራለች።

«ዘመኑ ነው» የሚል መከላከያ ይቀርብላታል። ይህ አያሳምነኝም። ፎሴትን በዚያው ዘመን የተቀበላት ኮርኔል የቶማስ የራሷ ትምህርት ቤት ነው። ሌላው የሴቶች ኮሌጅ ዌልስሊም በ1887 ጥቁር ሴት አስመርቋል። በእውቀቷ ብቁ ሆና ሳለ በተፈጥሮዋ ምክንያት መመለስ ምን እንደሚያሳምም ከቶማስ በላይ ማን ያውቅ ነበር? አውቃ አደረገችው። ጥፋቱን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

በብሪን ማር የመጀመሪያዋ ጥቁር ተመራቂ ኢኒድ ኩክ ዲግሪዋን የተቀበለችው በ1931 ነው፤ ቶማስ ሥልጣን ከለቀቀች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ያኔም ቢሆን ከተማሪዎቹ ማደሪያ ውስጥ አልጋ አልተሰጣትም፤ ከግቢ ውጭ እየኖረች ነው የተማረችው።

ቶማስ በ1935 አረፈች። በስሟ ይጠራ የነበረውን ትልቁን ቤተ መጻሕፍት በተመለከተ ተማሪዎች፣ መምህራንና የቀድሞ ምሩቃን ብዙ ተከራከሩ። ስሟ ከተነሣ ሴቶችን ለዶክትሬት ያበቃው ድካሟ ይረሳል ብለው የሰጉ ነበሩ። ጥቁር ተማሪ በየቀኑ በዚያ ስም ሥር እንድታልፍ መገደድ የለባትም ያሉም ነበሩ፤ እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ። ድካሟ በታሪክ ተጽፏል፤ ሕንፃ ላይ ስም መስቀል ግን ክብር መስጠት ነው። ከ2018 ጀምሮ ኮሌጁ ሕንፃውን «አሮጌው ቤተ መጻሕፍት» ብሎ ይጠራዋል። የቶማስ አስከሬን አመድ ያረፈው በዚሁ ሕንፃ ውስጠኛ አጸድ ነው።