ወላጅ ካለፈ በኋላ ረዳት ለሚያሻው ልጅ ስለሚደረግ መሰናዶ

በአዊ፥ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው ገጠር፥ ራሱን ችሎ ለመኖር የማይችል ልጅ ያላቸው ወላጆች ስለ ነገው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ወንድሞቹ አሉ» የሚል ነው። መልሱ ከቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን ከወንድሞቹ የትኛው? በምን ገንዘብ? እስከ መቼ? ይህ ሁሉ እስከ ሞት አልጋ ድረስ ሳይነገር ይቈያል።

በዚያን ጊዜ ሽማግሌና የነፍስ አባት ተጠርተው ኑዛዜው በቃል ይሰማል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል ኑዛዜ እንዲታዘዝ የፈቀደው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ስለ ቀብር ሥርዓት፥ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ፥ አካለ መጠን ስላላደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ነው። እንግዲህ የ30 ዓመቱ ጐልማሳ፥ የሰው እጅ የሚያይ ቢሆንም እንኳ፥ በሦስተኛው ውስጥ አይገባም።

የጽሑፍ ኑዛዜ ግን ሰፊ ነው። መጻፍ የማይችል አባት ቃሉን ነግሮ ሊያስጽፍ ይችላል፤ ጽሑፉ በእርሱና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፥ መነበቡም ተጠቅሶበት፥ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። በዚህም ለአንደኛው ልጅ ከፍ ያለ ድርሻ ሰጥቶ ወንድሙን እንዲቀልብና እንዲያለብስ ግዴታ ሊጭንበት ይችላል።

የሞግዚት ነገር ከዚህ ይከብዳል። ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው ሞግዚት የሚሾመው ፍርድ ቤት ነው፤ ይኸውም በዘመድ ወይም በዐቃቤ ሕግ ማመልከቻ ሰውየው በፍርድ ከተከለከለ በኋላ ነው። ከባል ወይም ከሚስት፥ ከወላጅና ከተወላጅ በቀር ማንም ከ5 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ እንዲቈይ አይገደድም። የወንድሞቹ ተስፋ በሕግ ፊት ይህን ያህል አጭር ነው! በተጨማሪም ክልከላው ሰውየውን ውል የመዋዋል ሥልጣን ስለሚነሣው፥ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ካጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት መንፈስ ጋራ አይስማማም። ስለዚህ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲታጣ ብቻ የሚያዝ ይመስለናል።

ገንዘቡን በሚመለከት፥ በተለይ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ከሰል ያከስለዋል። ከተያዘ ወዲያ ብዙ ጉልበት ስለማይጠይቅ ለዚህ ዓይነቱ ልጅ አንድ ማሳ መለየት መልካም ነው። በቅርብ ዓመታት በሽታ ስለ ገባበት ግን ከመሬቱ ከፊሉን ለእኩል አራሽ መስጠት ይሻላል።

ከሁሉ የሚዘነጋው እናቲቱ ብቻ የምታውቀው ነው፤ ምን እንደሚበላ፥ ከምን እንደሚደነግጥ፥ የሚጥል በሽታ ካለበትም መድኃኒቱን መቼ እንደሚወስድ። ይህን ለመማር ተረካቢው እርሷ በሕይወት ሳለች ከልጁ ጋራ ውሎ ማደር መጀመር አለበት።