ስፖርት ስንሠራ ደም ግፊታችን ምን ይሆናል?

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ብዙዎቻችሁ ስለምትወዱት ስለ ስፖርት ነው፡፡ "ሶሻል ወርከሯ ደግሞ መቼ አሠልጣኝ ሆነች?" እንዳትሉኝ፤ ጥያቄው የመጣው ከእናንተው ከተማሪዎች ነው፡፡

በምሠራበት ሰፈር ከትምህርት በኋላ ወጣቶች የሚሰባሰቡበት ግቢ አለ፡፡ ከግቢው ጥግ ላይ ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ዘንግ አያይዘው ራሳቸው የሠሯቸው ክብደቶች ተደርድረዋል፡፡ አንድ ቀን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከሁሉም የከበደውን መርጦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የአንገቱ ደም ሥሮች ገመድ መስለው እስኪወጡ ድረስ ታገለው፡፡ እንዳስቀመጠው ዓይኑ ጨለመበትና ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ፡፡ ውሃ ይዤለት ሄጄ አጠገቡ ስቀመጥ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ፡፡

"አባቴን አምና ደም ግፊት ነው ግማሽ ጎኑን የያዘው፡፡ እኔን እንዳይዘኝ ብዬ ነው እንዲህ የምሠራው" አለኝ፡፡ ትንሽ ቆየና ደግሞ "ግን ስፖርት ራሱ ግፊት ይጨምራል የሚሉ አሉ፡፡ ልተወው እንዴ እህቴ?" ሲል ጠየቀኝ፡፡

ቸኩዬ አልመለስኩለትም፡፡ እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ እንጂ ሕክምና አይደለም፡፡ በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ሲስተር ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም አነበብኩ፡፡ የተረዳሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፡፡

ደም ግፊት ምን ማለት ነው?

ልብ በመታች ቁጥር ደምን ወደ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ትገፋለች፡፡ ደሙ የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ደም ግፊት ይባላል፡፡ ስንለካ ሁለት ቁጥር የሚነገረን ለዚህ ነው፡፡ የላይኛው ልብ ስትኮማተር ያለው ግፊት ሲሆን፣ የታችኛው በሁለት ምት መካከል ስታርፍ ያለው ነው፡፡ ዕረፍት ላይ ላለ ጤነኛ አዋቂ ሰው ከ120 በ80 በታች ጥሩ ነው፡፡ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የደም ግፊት በሽታ አለ ይባላል፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ለዓመታት አብሮት ይኖራል፡፡ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ቧንቧዎቹ ይደድራሉ፣ ይጠባሉ፡፡ መጨረሻው የልብ ሕመም፣ የኩላሊት ጉዳት ወይም የዚያ ልጅ አባት ላይ የደረሰው ስትሮክ ሊሆን ይችላል፡፡

ስንሮጥስ?

ቁጭ ባልንበት ሰዓት ልባችን በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ትረጫለች፡፡ በኃይል ስንሮጥ ይህ መጠን ወደ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፡፡ ስለዚህ የላይኛው ቁጥር 160፣ 180፣ አንዳንዴም 200 መድረሱ የሚያስደነግጥ አይደለም፡፡ የታችኛው ግን እምብዛም አይለወጥም፡፡ ምክንያቱም የእግር ጡንቻዎች ደም ሲፈልጉ ወደነሱ የሚሄዱት ትናንሽ ቧንቧዎች ይሰፋሉ፤ የመጣውን ደም መንገድ ከፍተው ያስተናግዱታል፡፡

ደስ የሚለው ነገር ከሩጫው በኋላ ያለው ነው፡፡ ስናርፍ ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፡፡ ከዚያም ለተወሰኑ ሰዓታት ከመሮጣችን በፊት ከነበረው ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል፡፡ ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም የዕረፍት ጊዜ ግፊታችን ራሱ እየቀነሰ ይመጣል፡፡ "ስፖርት ግፊት ይጨምራል" የሚሉት ለዚያች ሰዓት ልክ ናቸው፤ ለዕድሜ ልክ ግን ተሳስተዋል፡፡

የቧንቧውም ጉዳይ አለ፡፡ የደም ቅዳ ቧንቧ የውስጥ ሽፋን በጣም ስስ ነው፡፡ ደም ፈጠን ብሎ ሲያልፍበት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ቧንቧው እንዲላላና እንዲሰፋ ያደርጋል፡፡ ይህንን የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮ እና ሙራድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል፡፡ አዲስ የውሃ ጎማና ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማን አስቡ፡፡ አዲሱ ውሃ ሲለቀቅበት ለጠጥ ይላል፤ የከረመው ግን ደርቋልና ግፊቱን መቻል ያቅተዋል፡፡ አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው ቧንቧዎቹ እንደ አዲሱ ጎማ ለረጅም ዓመት ይለጠጣሉ፡፡

ትንፋሽ ውጦ ብረት ማንሳት

ወደዚያ ልጅ እንመለስ፡፡ ከባድ ክብደት ሲነሳ የተኮማተሩት ጡንቻዎች በውስጣቸው ያሉትን ቧንቧዎች ይጨመድዳሉ፤ መንገዱ ይዘጋል፡፡ ትንፋሽ ሲያዝ ደግሞ የደረት ውስጥ ግፊት ይጨምርበታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ አንድ የካናዳ ጥናት ልምድ ያላቸው 5 የሰውነት ግንባታ ስፖርተኞች በሁለት እግራቸው በጣም ከባድ ክብደት ሲገፉ ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደርሶ ነበር፡፡ ክብደቱ ሲለቀቅ ይህ ሁሉ ባንዴ ይወርዳል፡፡ ያኔ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ያንሳል፤ ዓይን የሚጨልመውም ለዚህ ነው፡፡

ታዲያ ብረት ይቅር ማለት ነው? አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 የ270 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ግምገማ ታትሞ ነበር፡፡ ሩጫም ሆነ ክብደት ማንሳት የዕረፍት ጊዜ ግፊትን እንደሚቀንሱ አሳይቷል፡፡ ይበልጥ የሚገርመው፣ ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጉልበት አጥፎ መቆየትን የመሳሰሉ ሳይንቀሳቀሱ የሚሠሩ ስፖርቶች ከሁሉም በላይ የቀነሱ ሆነው ተገኝተዋል፡፡ እንግዲህ ችግሩ ብረቱ ሳይሆን አያያዛችን ነው፡፡ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ማንሳት በምትችሉት ቀለል ያለ ክብደት ጀምሩ፡፡ ስታነሱ ትንፋሽ አስወጡ፣ ስታወርዱ አስገቡ፡፡ ትንፋሽ ካልያዛችሁ በስተቀር የማይነሳ ክብደት ለእናንተ ገና ነው፡፡

ልኩን በምን እናውቃለን?

መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወሬ ይበቃል፡፡ እየተንቀሳቀሳችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ከቻላችሁ ነገር ግን መዝፈን ካቃታችሁ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ናችሁ፡፡ ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ለመተንፈስ የምታቋርጡ ከሆነ ከባድ ውስጥ ገብታችኋል፡፡ በልብ ምት መቁጠር የሚፈልግ ደግሞ ከ220 ላይ ዕድሜውን ይቀንስ፡፡ የ17 ዓመት ተማሪ 203 ያገኛል፤ ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ግምት ነው፡፡ በደቂቃ ከ130 እስከ 154 ያህል መካከለኛ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ ለመጣ ሰው ያው የለመደው ሩጫ መጀመሪያ ላይ ሊከብደው ይችላል፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል፡፡ ከሳምንቱ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጠንከር ያለ ስፖርትና ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመርበት ይላል፡፡ ጠንካራው እንቅስቃሴ ባጭር ጊዜ ብዙ ብቃት ይሰጣል፤ ነገር ግን በመካከለኛው ላይ ተደላድሎ ነው የሚመጣው፡፡ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው?

ፈጠን ብሎ ወደ ትምህርት ቤት መራመድም ይቆጠራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1953 የእንግሊዙ ሐኪም ጄሪ ሞሪስ የለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ ነበር፡፡ ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚያዙት ያነሱ ሆነው አግኝቷቸዋል፡፡ አንድም ብረት አላነሱም፤ ደረጃ ብቻ ነው የወጡት፡፡

ጥቂት ማሳሰቢያዎች

ከመጀመራችሁ በፊት ሰውነታችሁን አሟሙቁ፡፡ ከሩጫ በኋላም ወዲያው ቀጥ ብላችሁ አትቁሙ፤ ደም እግር ላይ ተጠራቅሞ ሊያዞራችሁ ይችላልና ለ5 ደቂቃ ያህል ተራመዱ፡፡ ስፖርት ስትሠሩ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ወይም ጓደኞቻችሁ ሳይደክማቸው እናንተን ትንፋሽ ካጠራችሁ "ይለምድልኛል" ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ፡፡ በልጅነት በሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣ የልብ በሽታ በአገራችን ወጣቶች ላይ ይታያልና፡፡

ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖሩ እህትና ወንድሞቼም ስፖርት ለእናንተ አይከለከልም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፡፡ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ የሚያቆየው መቆጣት የደም ቧንቧን ስለሚጎዳ የልብ ሕመም ስጋቱ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፡፡ መድኃኒታችሁን በሰዓቱ እየወሰዳችሁ፣ ሐኪማችሁን አማክራችሁ ተንቀሳቀሱ፡፡

ሴት ተማሪዎችንም አልረሳኋችሁም፡፡ የዚያ ግቢ ብረቶች ዙሪያ ሴት ልጅ አይቼ አላውቅም፡፡ ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ለወንድሙ ኳስ፣ ለእህቱ ደግሞ ማድ ቤት ከሆነ፣ ቧንቧው ግን የሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፡፡ ቤት ውስጥ ሥራውን ተካፈሉ፣ ሜዳውንም አብራችሁ ያዙ፡፡

ያ ልጅስ? ጤና ጣቢያ አብረን ሄደን ተለካ፤ 116 በ74 ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ ቀለል ያለውን ቆርቆሮ ነው የሚያነሳው፣ ሲያነሳም "እፍ" ሲል ከሩቅ ይሰማኛል፡፡ በቀደም ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፡፡ አባትየው ሐኪም ተራመዱ ብሏቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፤ እሱም እርምጃውን በሳቸው ልክ አድርጎ ከጎናቸው ነበር፡፡ ሰላም ስላቸው ቆም ሳይሉ መለሱልኝ፤ እየሄዱም እያወሩ ነበር፡፡

እናንተም ከነገ ጠዋት ጀምራችሁ ሞክሩት፡፡ በቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለም ግፊቱን እንዲለካ ንገሩልኝ፡፡ ቸር እንሰንብት!