መወፈር ሁሉ የጤና ምልክት ነውን?



አንድ ወጣት በአእምሮ ሕመም ተይዞ፥ እንቅልፍ አጥቶ፥ ምግብ ጠልቶ ከከሳ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድና መድኃኒት ይጀምራል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ንግግሩ ይስተካከላል፤ ጉንጩ ይሞላል፤ ሱሪው ይጠብበዋል። ጎረቤትም «እሰይ፥ ልጁ ተመቸው፤ ሥጋ ለበሰ» ይላል። በአገራችን መክሳት የችግር፥ መወፈር የድሎት ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ በዚህ ደስታ የሚወቀስ ሰው የለም። ነገር ግን ዛሬ ልናስረዳው የምንፈልገው ጉዳይ ከዚሁ ደስታ ሥር የተሸሸገ ነው፤ አእምሮን የሚያረጋጋው መድኃኒት የደምን ስኳር ሊያውክ ይችላልና።

ነገሩን በዲላና በጌዴኦ አገር ላይ አድርገን ብንመለከተው ይበልጥ ይገባናል። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ከየአገሩ የሚመጡ ወጣቶችን ይቀበላል፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመበት ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ ማለት ወጣቱ ትምህርቱን በሚጨርስበትና ሥራ በሚይዝበት ዘመን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በተማሪው ማደሪያና በጸሐፊው ቢሮ አጠገብ ያለ እንጂ የሩቅ አይደለም።

ለመሆኑ አእምሮና ስኳር ምን አገናኛቸው? አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት ከሚያጠፋው ኃይል ግን ከመቶ 20 እጁን ያህል ለብቻው ይወስዳል። ይህም ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው በደም ውስጥ ከሚዞረው ስኳር ነው። ስኳሩ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እንዲገባ የሚያደርገው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው፤ ሰውነት የኢንሱሊንን ትእዛዝ አልሰማም ሲል ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ወገብ ይሰፋል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል። ይህን ዝምድና የቀደሙት ሐኪሞችም ጠርጥረውት ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የስኳርን በሽታ ከብዙ ኀዘን ጋር አያይዞ ጽፏል። የአገሩ ሰው ሄንሪ ሞድስሊም በ1879 እ.ኤ.አ. የስኳር በሽታ የአእምሮ ሕመም ባለበት ቤተ ሰብ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደሚታይ ገልጧል። ያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው መድኃኒት አልተገኘም ነበር። በዘመናችን የተደረገው ምርመራም መድኃኒት ገና ባልቀመሱ አዲስ ሕመምተኞች ላይ እንኳ የኢንሱሊን ሥራ በመጠኑ ደክሞ መገኘቱን አሳይቷል። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ መጣል ፍርድ አይሆንም።

ቢሆንም መድኃኒቱ የራሱ ድርሻ አለው። ክሎርፕሮማዚን በ1952 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለአእምሮ ሕመም ሲሰጥ የብዙ ሰው ሰንሰለት ተፈታ፤ ነገር ግን ሕመምተኞች መወፈራቸው ብዙ ሳይቆይ ታየ። በኋላ ከመጡት ውስጥ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን በዚህ በኩል የባሱ ናቸው፤ ሃሎፔሪዶል ይቀላል፤ ሪስፔሪዶን በመካከል ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የጥጋብን ስሜት ስለሚያደበዝዙ ሰውዬው በልቶ አይጠግብም። ይልቁንም ወጣትና ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ቶሎ ይወፍራል፤ በመጀመሪያው ዓመት 10 ኪሎ የሚጨምሩት ጥቂቶች አይደሉም።

በዚህ ላይ የከተማው ኑሮ ይጨመርበታል። ጫት ቀን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፥ ሌሊት እንቅልፍን ይነሣል፤ ከጫቱም ጋር ጣፋጭ ለስላሳ ይጠጣል። ጫት ራሱ የአእምሮን ሕመም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ለዚህ ወጣት ጉዳቱ እጥፍ ነው። (የይርጋጨፌን ቡና ባሕር ማዶ ያሉ ዐዋቂዎች ያለ ስኳር ያጣጥሙታል፤ እኛ የአገሩ ባለቤቶች ግን ሦስት ማንኪያ እንጨምርበታለን!)

እስካሁን የተናገርነው ስለ ከተማው ነው። ወደ ገጠሩ ስንወጣ ያው የመድኃኒት ጠባይ ሌላ መልክ ይይዛል። በቡታጅራ አካባቢ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመምተኞች ለ10 ዓመት ያህል ሲጠኑ 121ዱ ሞተዋል፤ ይህም ከሌላው ሕዝብ ሞት እጥፍ ያህል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት እንዳመለከተው ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። እዚያው ቡታጅራ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች መድኃኒት ለምን እንደሚቋረጥ ተጠይቀው ነበር። ከሰጧቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ልብ የሚነካ ነው፤ መድኃኒቱ ረኃብ ያመጣል፥ በቤት ግን የሚበላ የለም።

በጌዴኦም ይህን ማሰብ ይገባል። የቡና ገንዘብ በእጅ የሚገባው በለቀማው ወራት ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ጊዜ ገበሬው የሚሻገረው በእንሰት ነው። ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ገንቢነቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ባቄላ፥ ጎመን ወይም ወተት ካልታከለበት አይበቃም። በ2018 እ.ኤ.አ. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ በተፈናቀለ ጊዜ ደግሞ ይህም ታጥቷል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት «መድኃኒትህን ዋጥ» ብሎ ስለ ምግቡ ሳይጠይቅ የሚያሰናብት ሰው ሥራውን ግማሽ አድርሶ ትቶታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ማንም መድኃኒቱን በገዛ ሥልጣኑ አያቋርጥ፤ በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሰዋል። ክብደት ሲጨምር ለሐኪሙ መንገር ይገባል፤ መጠኑን መለወጥ፥ ቀለል ያለውን መምረጥ፥ ወይም ለስኳር በሽታ የሚሰጠውን ሜትፎርሚን ማከል ይቻላል። ወጣቱ ውኃ ጥም ቢበዛበት፥ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ቢነሣ «የአእምሮው ነገር ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ደሙ በዚያው ቀን ይመርመር። ሳይበሉ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊግራም ከደረሰ ሐኪሙ መርምሮ ያረጋግጠው ዘንድ ያስፈልጋል።

የደም ግፊትና የደም ስኳር በመጀመሪያ፥ ከሦስት ወር በኋላ፥ ከዚያም በየዓመቱ ይለካል፤ ክብደት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ ነው። ሚዛን በሌለበት ቤት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ የወንድ ወገብ ከ94፥ የሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ለሐኪም ይነገራል። የመጀመሪያው ልክ መድኃኒቱ በተጀመረበት ቀን በደብተር ይጻፍ፤ ያለዚያ የኋለኛው ከምን ጋር እንደሚነጻጸር አይታወቅም።