ሶኬቱ ቢገጥምም

ኤልጂኤ 775 የተባለውን የፕሮሰሰር ሶኬት ኢንቴል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ፔንቲየም 4፣ ፔንቲየም ዲ፣ ኮር 2 ዱዎ እና ኮር 2 ኳድ ሁሉም ገብተውበታል፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ኢ8400 በ2004 ማዘርቦርድ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም።

ወሳኙ ቺፕሴቱ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ከራምና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው እሱ ነውና። 915 የሚባለው ቺፕሴት ኮር 2ን ጨርሶ አያውቅም። 945 በ65 ናኖሜትር የተሠሩትን የመጀመሪያዎቹን ኮር 2ዎች ሊቀበል ይችላል፤ ያውም ቦርዱ ለእነሱ የሚመጥን የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ካለውና ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ከታደሰ። ኢ8400 ግን የ45 ናኖሜትር ሥራ ሲሆን ከቺፕሴቱ ጋር የሚገናኝበት መስመርም 1333 ሜጋኸርዝ ነው፤ ስለዚህ እንደ ፒ35 ያለ ቺፕሴት ይፈልጋል። ባዮስ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ በኋላ ነው።

ሌላው የፕሮሰሰር አምራች ኤኤምዲ ለገዢ ደግ ነበር። ኤኤም3 ለተባለው ሶኬት የተሠሩት ፕሮሰሰሮች ዲዲአር2 የተባለውንም ዲዲአር3 የተባለውንም የራም ዓይነት ስለሚያውቁ፣ ባዮሱ ከፈቀደ በአሮጌው ኤኤም2+ ቦርድ ላይ ይሠራሉ። የኤኤም2 ፕሮሰሰር በኤኤም3 ቦርድ ላይ ግን አይሆንም።

ኮምፒውተሩ ከተነሳ ቀጣዩ ጥያቄ ስርዓተ ክወናው ነው። ሊኑክስ ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ መራጩ የሊኑክሱ ስርጭት ነው። ዴቢያን 64 ቢት በኮር 2 ላይ ይሠራል። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 ግን ኤስኤስኢ 4.2 የተባሉትን ትእዛዞች ስለሚጠይቅ ኢ8400ንም ሆነ ሌላ ኮር 2 አይቀበልም። ራምም የራሱ ጣጣ አለው፦ በ945 ቦርድ ላይ 4 ጊጋባይት ቢሰካ፣ ስርዓቱ 64 ቢት ቢሆንም እንኳ የሚታየው ከ3 ጊጋባይት ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። ጥፋቱ የሊኑክስ ሳይሆን የቺፕሴቱ ነው።

ፕሮሰሰር ከመግዛት በፊት የቦርዱን ስምና በላዩ የታተመውን የእትም ቁጥር ይዞ በአምራቹ የፕሮሰሰር ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ይበጃል፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት እትሞች የሚቀበሉት ፕሮሰሰር ሊለያይ ይችላልና። ሊኑክስ አስቀድሞ ካለ ዲኤምአይዲኮድ የተባለው ትእዛዝ የቦርዱን ስምና የባዮሱን ቀን ያወጣል። ኤልኤስሲፒዩ ከሚዘረዝራቸው ምልክቶች መካከል ኤልኤም ከሌለ ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየም 4ዎች እንዲህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለእነዚህ መጫኛ የለውም፤ ሊኑክስ ያልሆነው ስርዓተ ክወና ኔትቢኤስዲ 10 ግን አለው።